መልስ፦ ሂፕኖሲስ የምጥ ሕመም ያስታግሳል ወይ?

እህቴ፣ ሰባተኛ ወርሽን ስለያዝሽ እንኳን ደስ አለሽ። ጅማ ውስጥ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስለ ሂፕኖሲስ (በቃል እየተመሩ ሐሳብን አንድ ነገር ላይ ሰብስቦ በጥልቀት የመረጋጋት ዘዴ) ለጠየቅሽው፦ ይረዳል፣ ሕመሙን ግን አያጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 9 ጥናቶችን አይቶ፣ ሂፕኖሲስ የተጠቀሙ እናቶች በጥቅሉ የማስታገሻ መድኃኒት የመውሰዳቸው ነገር ቀንሶ አግኝቷል፤ ኤፒዱራል (ወገብ ላይ በመርፌ የሚሰጥ ማደንዘዣ) አጠቃቀም ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አላየም።

እኔ ይበልጥ የማምነው በአተነፋፈስና ሰውነትን በማፍታታት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018ቱ መመሪያው ለጤነኛ እናቶች ይመክረዋል። አንዲት እናት ምጡ ሲመጣ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይወጣል፣ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጥርሷን ትነክሳለች። «ትኩስ ቡና ስኒ ላይ እንደምታበርጅ እፍ በይ፣ ቀስ ብለሽ» አልኳት። እናቷ ወገቧን እያሹላት አብረዋት እፍ ይሉ ነበር! በሁለት ምጥ መሃል እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋት ጀመር።

ከአሁኑ ማታ ማታ፣ ቡናው እስኪፈላ ተለማመጂው፤ ምጥ ላይ ሆኖ መማር ይከብዳል። አብሮሽ የሚገባውም ሰው ይልመደው። ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ ወይም ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ ግን በአተነፋፈስ ልታልፊው አትሞክሪ፣ ወዲያው ጤና ተቋም ሂጂ።