ጉማሬው ታንኳዋን ሲያያት፦ ጀማሪን በተረት እንግሊዝኛ ስለማስነበብ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ውስጥ በታችኞቹ ክፍሎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የሰፈር ልጆች ሰብስቤ አስነብባለሁ። «በቀላል ተረት ማንበብ ስለማስተማር ጠይቁኝ» ብዬ ነበርና የመጡትን ጥያቄዎች ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሱን። የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛው ፊደል ጽፌዋለሁ። ይህ ለእናንተ ለትልልቆቹ ነው፤ ልጅ ፊት እንዲህ አይደረግም፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ልጄ ኤቢሲዲን አንድ ሳያስቀር ይወርደዋል። «ካት» የሚለውን ቃል ሳሳየው ግን «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብሎ ዝም ይላል። ፊደል ቆጥሮ ማንበብ እንዴት ያቅተዋል? (የአንደኛ ክፍል ተማሪ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ የያዘው የፊደሎቹን ስም ነው፤ ድምፃቸውን ገና አልያዘም። በአማርኛ ይህ ችግር የለም፤ «በ» ስሙም በ ነው፣ ድምፁም በ ነው። አናባቢውም ከፊደሉ ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ 33ቱን በሰባት ሰባት ቤት የቆጠረ ልጅ ቃል ማንበብ ለመጀመር ብዙ አይቀረውም። በእንግሊዝኛ አናባቢው ራሱን ችሎ እንደ አንድ ፊደል ይቆማል፤ ልጁ ሁለቱን ድምፅ ራሱ ማጋጠም አለበት። በዚያ ላይ 26 ፊደል ወደ 44 ለሚጠጉ ድምፆች ይሠራል።

ስለዚህ ስሙን ለጊዜው ተዪውና በስድስት ፊደል ድምፅ ጀምሪ፦ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ፒ፣ አይ፣ ኤን። እነዚህ ብቻ «ሳት»፣ «ሲት»፣ «ፒን»፣ «ታፕ»፣ «ናፕ» ይሆናሉ። ጣትሽን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሽ «ስስስ… አአአ… ት» በይና አጋጥሚው። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ተረት ይህን አይተካም፤ ይህን የነገርኳቸው ብዙ ሰዎች ግን ድምፁን ዘልለው ወደ ተረቱ ይሮጣሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተረቱ ምን ይጨምራል? መማሪያ መጽሐፉ ላይ ምንባብ አለ አይደል? (መምህርት፣ ዘጌ)

መልስ፦ አለ። ችግሩ ምንባቡ ላይ ነገሩም አዲስ፣ ቃሉም አዲስ፣ ቋንቋውም አዲስ መሆኑ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሦስቱን በአንድ ጊዜ አይሸከምም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ታሪኩን አስቀድሞ ይወቀው። በአማርኛ፣ በደንብ፣ እየሣቀ ይስማው። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛውን ሲከፍት «ምን ይሆን?» እያለ አይደናበርም፤ የሚያውቀው ነገር በዚህ ቋንቋ እንዴት እንደተጻፈ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዳንድ ባልደረቦቼ «አማርኛ ካስገባህማ ምኑን እንግሊዝኛ ሆነ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሳይገባው የሚያነበንብ ልጅ ከማይ በአማርኛ አምስት ደቂቃ ባወራው እመርጣለሁ።

ለልጆቹ ከሠራኋቸው ተረቶች አንዱ ይኸውላችሁ። አማርኛውን ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉማሬ በደንገል ታንኳ ላይ የሚያደርገው አይጠፋውም። እንግሊዝኛው፦

«ዘ ቦት ዎዝ ስሞል። ዘ ሂፖ ዎዝ ቢግ። ዘ ሂፖ ሶው ዘ ቦት። “አይ ዋንት ዘ ቦት” ሴድ ዘ ሂፖ። ዘ ሂፖ ሳት ኢን ዘ ቦት። ኖ ቦት!»

ቁጠሩት፦ በጠቅላላ 28 ቃል ነው፤ የተለያዩት ግን 13 ብቻ ናቸው። «ዘ» ስምንት ጊዜ፣ «ቦት» አምስት ጊዜ፣ «ሂፖ» አራት ጊዜ ይመጣል። ልጁ ሳያውቀው ደጋግሞ ያነባል፤ «ይህን ቃል አሥር ጊዜ ጻፍ» ያለው የለም። «ሳት» ደግሞ ከላይ ካልኳቸው ስድስት ፊደሎች የተሠራ ስለሆነ ራሱ አጋጥሞ ያነበዋል። «ኖ ቦት!» ላይ ሲደርሱ ክፍሉ ይፈርሳል፤ ያኔ ማን እንደገባውና ማን የጓደኛውን ሣቅ እንደሚስቅ ፊታቸው ላይ ታዪዋለሽ።

ሌላም አለው። እኛ ግስ መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፤ «ጉማሬው ታንኳዋን አየ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግሱን መሐል ይከተዋል። ይህን ሰሌዳ ላይ ከማብራራት ይልቅ ስድስት ሰባት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ቢመጡ ጆሮው ራሱ ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ የእኔ ልጅ ገጹን ሳያይ ይወጣዋል። ይህ መሸምደድ እንጂ ማንበብ ነው እንዴ? (አባት፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ አይደለም፤ ልክ ነህ ወንድሜ። ግን መሸምደዱን አትጥላው፣ ተጠቀምበት። ዓረፍተ ነገሮቹን በየወረቀት ቁራጭ ጽፈህ በትናቸውና በቅደም ተከተል ይደርድራቸው። ከዚያ አንዱን ሳትነግረው ቀይረው፤ «ዘ ሂፖ ዎዝ ስሞል» ብለህ ጻፍ። የሸመደደው ልጅ «ቢግ» ብሎ ያልፋል። ያነበበው ቆም ይልና «ኧረ ተሳስተሃል አባዬ» ይልሃል። ቀጥለህ «ዘ ቦት ሶው ዘ ሂፖ» አድርገው፤ ቃሎቹ ያው ናቸው፣ ቦታቸው ብቻ ተለዋወጠ። እዚህ ላይ የሣቀ ልጅ እያነበበ ነው።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፣ የተረት መጽሐፍ አንድም የለም። እንዴት ይሆናል? (የ2ኛ ክፍል መምህር)

መልስ፦ የማዳበሪያ ጆንያ። ነጩን ጆንያ ተርትረህ፣ አጥበህ፣ አድርቀህ ዘርጋው፤ በወፍራም ማርከር ከኋላ የተቀመጠው በሚያየው መጠን ጻፍበት። መርጃ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ዐፄዎቹንና የምግብ ክፍሎችን የምንጽፍበት ያው ጆንያ ነው፤ ለተረት ሲውል ግን ብዙም አላይም። ሥዕል ካልቻልክ ከተማሪዎችህ መካከል የሚችል አይጠፋም።

አንድ ትልቅ ጽሑፍ ፊታቸው ሰቅሎ አብሮ ማንበብን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፉት የኒውዚላንድ መምህራን ናቸው፤ ዶን ሆልዳዌይ በተለይ ስሙ ይነሣል። አካሄዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ አንተ ብቻህን በቀጭን ዱላ ቃል በቃል እየጠቆምክ ታነባለህ፤ እነሱ ይሰማሉ። በማግስቱ እያነበብክ አንዳንድ ቃል ላይ ዝም ትላለህ፤ እነሱ ይሞሉታል። ከዚያ አብራችሁ ታነባላችሁ። ከዚያ አንተ ዱላውን ብቻ ትይዛለህ።

አንድ ነገር ጠብቅ፦ 60 ልጅ በኅብረት ሲጮኽ የሚያነቡት ፊት ያሉት አሥሩ ናቸው፤ ሌላው የእነሱን ድምፅ ይከተላል። ስለዚህ ረድፍ በረድፍ አድርገው፤ አንዱ ረድፍ የጉማሬውን ንግግር፣ ሌላው ተራኪውን። ዱላውንም ለተማሪ ስጠው። ቃሉን የማያውቅ ልጅ በዱላው ትክክለኛው ቃል ላይ ማረፍ አይችልም፤ ወዲያው ታውቀዋለህ።

«ይህ ይሠራል ወይ?» ላላችሁኝ ደግሞ፦ ኤሊ እና ማንጉብሃይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። በፊጂ ገጠር፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች 250 ገደማ ባለ ሥዕል የተረት መጻሕፍት አስገቡላቸው። አንዳንዱ ክፍል ከመምህሩ ጋር አብሮ አነበበ፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ለራሱ አነበበ። ሁለቱም በተለመደው መንገድ ከቀጠሉት ልጆች በእጥፍ ያህል ፈጠኑ። እኛ ጆንያ እንጂ 250 መጽሐፍ የለንም፤ ግን አብሮ ማንበቡ ጆንያም ላይ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛው ቃል በላይ አነባበቡን በአማርኛ ፊደል ብንጽፍላቸው ምን አለበት? ልጆቹ ራሳቸው ደብተራቸው ላይ ያደርጉታል። (ብዙ ሰው ጠይቆታል)

መልስ፦ አይጻፍ። ዓይን ሰነፍ ነው፤ ሁለት ጽሑፍ ሲያይ የለመደውን ያነባል። ልጁ «ሂፖ» የሚለውን በእኛ ፊደል አንብቦ እንግሊዝኛውን ሳያየው ገጹን ይገለብጣል። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛው ድምፅ በእኛ ፊደል ሲገባ ይለወጣል፤ «ስኩል» «እስኩል» ይሆናል፣ ምላስ በጥርስ መሐል ወጥቶ የሚነገረው «ዘ»ም የእኛው ዘ ሆኖ ይቀራል። አንዴ እንዲህ የለመደን ልጅ ማረም ካልለመደው ማስተማር ይከብዳል። ትርጉም ካስፈለገ በአፍ በአማርኛ ንገሩት ወይም ሥዕሉን አሳዩት።

ጥያቄ፦ የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልዶች ብናስነብብስ? የአካባቢያችን ሰው ናቸው።

መልስ፦ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ለጀማሪ ግን አይሆኑም። የአለቃ ቀልድ በአብዛኛው በአማርኛው ቃል ላይ የቆመ ነው፤ ሲተረጎም ሣቁ ይጠፋል። የሚደረግ ነገር ያለበትን ተረት ምረጡ፦ አንዱ የሚሮጥ፣ አንዱ የሚወድቅ፣ አንዱ የሚበላ። አንበሳና አይጥ፣ ጦጣና አዞ ጥሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ ገጽ ስንት አዲስ ቃል ይግባ?

መልስ፦ በጣም ጥቂት። ያለ ማንም እርዳታ ለማንበብ ከመቶው ቃል 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል የሚለው ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥናት በመስኩ እንደ መለኪያ ይጠቀሳል። 50 ቃል ባለው ገጽ አንድ አዲስ ቃል ማለት ነው። ከመምህር ጋር ሲነበብ ሦስት አራት ቢሆን አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ቱሪስት በጀልባ ይዤ ወደ ገዳማቱ እመላለሳለሁ። መናገሩን እየሞካከርኩ ነው፣ ማንበብ ላይ ግን ዜሮ ነኝ። የሕፃን ተረት ይዤ እንዳልቀመጥ ደግሞ አፍራለሁ።

መልስ፦ ማፈርህ ይገባኛል፤ መፍትሔውም አንተው ዘንድ አለ። የራስህን ውሎ በምትችለው እንግሊዝኛ አውራ፤ የሚጽፍ ሰው አጠገብህ ይሁን። «ዊ ዌንት ቱ ዘጌ። ዊ ሶው ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ዘ ዊንድ ዎዝ ስትሮንግ። ዘ ጌስት ዎዝ ሲክ።» አራት መስመር በቃ። ቃሉ የራስህ ስለሆነ ስታነበው አንዱም እንግዳ አይሆንብህም። የጻፈልህን ሰው በስልክህ እያነበበ እንዲቀዳልህ አድርግ፤ እንግዳ እስኪመጣ ወደብ ላይ ስትጠብቅ ወረቀቱን እያየህ ስማው። በሳምንቱ መጨረሻ የራስህ ደብተር ይኖርሃል፤ ማንም የሕፃን ነው አይልህም።

ጥያቄ፦ እኔ ልጅ ልጄን ነው የማሳድገው፤ እንግሊዝኛ አንዲትም አላውቅ። ምን ልርዳው? (እናት፣ ዕድሜዬ ገፍቷል ያሉ)

መልስ፦ እማማ፣ ትልቁ ሥራ የእርስዎ ነው። ተረቱን በአማርኛ ይንገሩት፤ እኛ መምህራኑ እንደ እርስዎ አንችልበትም። ማታ ደግሞ እንግሊዝኛውን ያንብብልዎት፤ አንድ ገጽ ሲጨርስ «ምን አለ? ከዚያስ?» ይበሉት። በአማርኛ መመለስ ካልቻለ አልገባውም ማለት ነው፤ «ድገምልኝ» ይበሉት። ሲሳሳት ማወቅ የለብዎትም፣ እሱ ሲነግርዎት ራሱ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ሲሳሳት ወዲያው ላርመው?

መልስ፦ እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ታገስ። ትርጉሙን ያበላሸ ስሕተት ከሆነ «ይህ ነገር ይሆናል?» ብለህ መልሰው። ካላበላሸው እለፈው።

ጥያቄ፦ በስልክ የሚገኝ ነፃ ተረት አለ?

መልስ፦ አለ። ከደቡብ አፍሪካ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የሚባል ድረ ገጽ፣ ከሕንድ ደግሞ ፕራታም ቡክስ የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው «ስቶሪዊቨር» አለ። ስቶሪዊቨር ላይ ተረቶቹ ከአንድ እስከ አራት በደረጃ ተከፍለዋል፤ ደረጃ አንድን ብቻ ውሰዱ። የሁለቱም ፈቃድ ክፍት ስለሆነ ማተም፣ መተርጎም፣ ጆንያ ላይ መገልበጥ ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ ባለ ጊዜ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ባዮሎጂን በጉማሬ ተረት ሊወጡት ነው? (የከፍተኛ ክፍል መምህር)

መልስ፦ አይወጡትም፤ ተረት ላይ መቆም ራሱ ጉዳት ነው። ልጁ አጫጭር ተረቶችን ሳይንተባተብ ማንበብ ሲጀምር፣ እኔ 4ኛ ክፍል ገደማ እላለሁ፣ ቅደም ተከተል ወዳለው እውነተኛ ነገር ይሻገር። ተረት «ከዚያስ?» ብሎ ማንበብን አስለምዶታል፤ የሥራ ሂደትም የሚነበበው በዚያው መንገድ ነው። ለምሳሌ ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ፦ ደንገሉ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ ተገጣጥመው ይጠፈራሉ፣ ውኃ ላይ ይወርዳል። አምስት ዓረፍተ ነገር በ«ፈርስት»፣ «ዜን»፣ «አፍተር ዛት» አያይዛችሁ ጻፉት። ቀጥሎ እምቦጭ ሐይቁን እንዴት እንደሚሸፍን ጻፉ፤ እዚያ ላይ «ቢኮዝ» ይገባል። «ቢኮዝ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ተረድቶ የሚያነብ ልጅ የባዮሎጂውን መጽሐፍ ሲከፍት ቃሉ ይከብደው ይሆናል እንጂ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ አይጠፋውም።