«የትኛው ነው ትክክለኛው?» ስለ ከልት ለልጆች ማስተማር

በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ። አባላቱን አንቆ ስለሚይዝ ቡድን (ከልት ስለሚባለው)፣ ስለ ልጆቹና ስለ ቤተሰቡ ነው። ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ላይ ለብዙ ዓመታት ስሠራ ከዚህ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ የለም።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ከልት በስልካቸው ቪዲዮ ያዩና መጥተው ይጠይቁኛል። ለርዕሱ አንድ ሳምንት ልመድብለት አስቤያለሁ። የምታሳስበኝ ግን አንዲት ተማሪዬ ናት። ቤተሰቧ ከዘመድ ተነጥሎ ከአንድ ጥብቅ ቡድን ጋር እንደሚኖር ሰምቻለሁ። ባለፈው ለፖስተር ሥራ ቀለም ምረጪ ስላት ዝም ብላ ቆየችና «የትኛው ነው ትክክለኛው?» አለችኝ። እሷ ባለችበት ክፍል ይህን እንዴት ላስተምር?

መልስ፦ መምህርት፣ ከልጅቷ ልጀምር። ያቺን ጥያቄ ልብ ስላሉ አመሰግንዎታለሁ። ብዙ ሰው «ዓይን አፋር ናት» ብሎ ያልፈዋል።

እ.አ.አ. በ1993 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.አ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ ዌኮ አጠገብ፣ ዴቪድ ኮሬሽ የሚመራው የብራንች ዴቪዲያን ቡድን በመንግሥት ኃይሎች ለ51 ቀናት ተከቦ ነበር። መጨረሻው እሳት ሆነ፤ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው ከ20 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። በከበባው መጀመሪያ ላይ ግን 21 ልጆች ከግቢው ወጥተው ነበር። የተንከባከባቸው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ብሩስ ፔሪ ነው። ልጆቹ ቁጭ ብለው እንኳ ልባቸው ከመጠን በላይ ይመታ ነበር። ከግቢው ውጭ ያለ ሰው ሁሉ «ባቢሎናዊ» ነው፣ ሊገድላችሁ ይመጣል ተብለው ነው ያደጉት። አሁን ደግሞ ምግብ የሚያቀርብላቸው ያው ባቢሎናዊ ሆነ። ከሐኪሙ ምስክርነት እኔን የማይለቀኝ የዳቦው ነገር ነው። የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ይሰጧቸዋል። «እንዲሁ ይሁን ወይስ ማርማላታ ይጨመርበት?» ሲባሉ ግራ ይገባቸዋል። እንዲያውም የሚናደዱ ነበሩ። ሁሉን ነገር ሌላ ሰው ሲወስንላቸው ኖረዋል፤ «አንተ የቱን ትወዳለህ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

ተማሪዎ እንደነሱ ናት ማለቴ አይደለም። ከአንድ ዓረፍተ ነገር ተነስቶ በቤተሰብ ላይ መፍረድ አይቻልም። ግን በየቀኑ አንድ ትንሽ ምርጫ ይስጧት። ውጤት የሌለው፣ ሁለቱም መልስ ትክክል የሆነ ምርጫ ይሁን። «ሁለቱም ትክክል ነው፤ የምትወጂውን ነው የጠየቅኩሽ» ይበሏትና ይጠብቋት። ዝምታው ቢረዝምም አይምረጡላት።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ በአካባቢያችሁ ያለን ቡድን ስም በክፍል ውስጥ አይጥሩ። «ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ቤት የሚያውቅ አለ?» ብለው አይጠይቁ። ስለ ቤተሰብ እምነት የሚያስጽፍ የቤት ሥራም አይስጡ። ልጅቷ እናቷ ሞኝ ተብላ ስትሰደብ ከሰማች ከእናቷ ጎን ትቆማለች። ማንኛውም ልጅ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ወሬው ቤት ከደረሰ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሊያስወጧት ይችላሉ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2023 ኬንያ ውስጥ፣ ሻካሆላ ከሚባለው ጫካ ከ400 በላይ አስከሬኖች ተቆፍረው ወጥተዋል፤ ከመካከላቸው ብዙ ልጆች አሉ። ተከታዮቹን ጾመው እንዲሞቱ ገፋፍቷል ተብሎ የተከሰሰው ሰባኪ ፖል ማኬንዚ ነው፤ እሱ ክሱን ክዷል። ይህ ሰባኪ ግን ከዚያ ከዓመታት በፊትም ዘመናዊ ትምህርት ከሰይጣን ነው እያለ በመስበክ ልጆችን ከትምህርት ቤት ያስቀራል ተብሎ ተከሶ ነበር። ከጫካው በፊት ባዶ የቀረ ወንበር ነበረ ማለት ነው። አንድ ልጅ ያለ ምክንያት መቅረት ሲጀምር ስም ጠሪው መምህር ከፖሊስም ከጎረቤትም ቀድሞ ያውቃል።

ሌላው ምክሬ ትምህርቱን ከሬሳ እንዳይጀምሩ ነው። ሰባኪው ጂም ጆንስ ለተከታዮቹ በደቡብ አሜሪካ የመሠረተውን ሰፈር፣ የጆንስታውንን ታሪክ ብዙ ሰው ከመጨረሻው ነው የሚተርከው። ኅዳር ወር 1978፣ ጋያና፣ ከ900 በላይ ሰው ሞተ፣ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ልጅ ነበር፣ መርዙ መጀመሪያ የተሰጠው ለሕፃናት ነው። እውነት ነው፣ ሁሉም ሆኗል። ግን የ14 ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ «እብዶች ነበሩ፣ እኔን ማንም አያታልለኝም» ይልና ትምህርቱ እዚያው ያልቃል። እርስዎ ከ1955 ይጀምሩ። ጂም ጆንስ አሜሪካ፣ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ያቋቋመው ቤተ ክርስቲያን ጥቁርና ነጭን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያስመልክ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተራበ ያበላሉ፣ አረጋውያንን ይጦራሉ። «እናንተ ያኔ ብትኖሩ በዚያ በር ትገቡ ነበር?» ይበሏቸው። ብዙ እጅ ይወጣል። ከዚያ ቀስ እያሉ ይሂዱ። ደመወዛችሁን አምጡ ተባለ። ቤታችሁን ሸጣችሁ ስጡ ተባለ። ባሕር አቋርጣችሁ ጫካ ውስጥ እንኑር ተባለ። ፓስፖርት ተሰበሰበ። በየደረጃው ቆም ብለው «አሁንስ ትወጣላችሁ? ለመውጣት ምን ያስፈልጋችኋል? ማን ይቀበላችኋል?» ብለው ይጠይቁ። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ክፍሉ ውስጥ «እብዶች» የሚል ልጅ አይኖርም።

አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ለሰለሞን አሽ ሙከራ ይስጡ። ይህ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ መስመር ያሳይና ከሌሎች ሦስት መስመሮች የትኛው እኩል እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ልጅም የማይሳሳተው ጥያቄ ነው። ዘዴው፣ በክፍሉ ካሉት ሰዎች እውነተኛው ተፈታኝ አንዱ ብቻ መሆኑ ነው፤ የቀሩት አስቀድመው ተነግሯቸው በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ይመልሳሉ። ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ትተው ብዙኃኑን ተከተሉ። አሽ ከዚያ አንድ ነገር ለወጠ። ከሰዎቹ መካከል አንድ ብቻ ትክክለኛውን እንዲመልስ አደረገ። ያኔ የተፈታኙ ስህተት በእጅጉ ቀነሰ። አንድ ሰው በቃ!

በክፍል ሲሠሩት ያቺን ልጅ ተፈታኝ አያድርጓት። ከተሳሳተ ቡድን ውስጥ ብቻዋን ትክክለኛውን የምትናገረዋ እሷ ትሁን። የተፈተነውም ልጅ እንዳያፍር ምስጢሩን ወዲያው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ታላቅ እህቴና ባሏ አንድ ቡድን ውስጥ ገብተዋል። ቤታቸውን ሸጠው ገንዘቡን ለቡድኑ ሰጡ። ልጆቻቸው 6 እና 11 ዓመታቸው ነው። መሪያቸውን አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹን እንዳላይ ተከለከልኩ። ወንድማችን በጉልበት እናውጣቸው ይላል። ምን ይሻላል? (የልጆቹ አክስት)

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምዎን ይያዙት። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ልባቸው የተሰበረ ወላጆች ገንዘብ እየከፈሉ፣ ልጆቻቸውን ከእንዲህ ያለ ቡድን አስጠልፈው ክፍል ውስጥ ዘግተው «ሐሳባቸውን ለማስመለስ» ይሞክሩ ነበር። የዚህ ሥራ ፊታውራሪ ቴድ ፓትሪክ ተፈርዶበት ታስሯል። ለቡድኖቹም ጥሩ ስብከት ሆነላቸው፤ «ዘመዶቻችሁ ጠላቶቻችሁ ናቸው አላልናችሁም?» የሚሉበት ማስረጃ አገኙ።

አንድ ነገር አስቡት። እህትዎ ነገ ጠዋት ዓይኗ ቢበራ የት ትገባለች? ቤቱ ተሽጧል። ጓደኞቿ፣ ሥራዋ፣ የልጆቿ መጫወቻ ሁሉ እዚያው ነው። እስካሁን የከፈለችው ሁሉ ከንቱ ነበር ብላ ለራሷ ማመን አለባት። ይህ ለማንም ሰው ከባድ ነው። እርስዎ ያን መንገድ ሊያሳጥሩላት ይችላሉ። ስለ መሪውም ስለ ትምህርቱም አንድ ቃል ሳያነሱ ይጻፉላት። «እናታችን ደህና ናት፤ የልጅነት ፎቶሽን አገኘሁት፤ ናፈቅሽኝ» በቂ ነው። መልስ ባይመጣም በወር አንዴ ይላኩ። ያኔ ስለተናገሩት ነገርም ይቅርታ ይጠይቁ። ይቅርታው ለእህትዎ እንጂ ለመሪው አይደለም። ገንዘብ አይላኩ፤ ለልጆቹ ጫማና መጽሐፍ ይላኩ። የ11 ዓመቱ ልጅ ስልክ ቁጥርዎን በቃሉ እንዲይዝ ማድረግ ከቻሉ ደግሞ ትልቅ ነገር ሠሩ።

ትዕግሥት የማልመክርበት ቦታ አለ። ልጆቹ የሚራቡ፣ የሚደበደቡ፣ ሲታመሙ ሐኪም የሚከለከሉ፣ ከትምህርት የቀሩ ወይም ለጋብቻ የታሰቡ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሕፃናት ጥበቃ ባለሥልጣናት ያመልክቱ። ያዩትን በቀንና በሰዓት ይጻፉ። «መሪው ሐሰተኛ ነው» የሚል አቤቱታ የትም አያደርስም፤ «ልጁ በዚህ ቀን ሳየው ክንዱ አብጦ ነበር፣ ሕክምና አልወሰዱትም» የሚለው ግን ሰው ያስነሳል።

የወጡ ቀን ደግሞ «አላልኩሽም?» የምትባለዋን ቃል አደራ ዋጥ ያድርጓት። ልጆቹ ትተዋቸው የመጡትን ጓደኞቻቸውን እያሰቡ ያለቅሱ ይሆናል። ሌሊት ሲኦልን እየፈሩ ሊነቁ ይችላሉ። ያጡት የሚያውቁትን ዓለም በሙሉ ስለሆነ «ከመጥፎ ቦታ ነው የወጣችሁት፣ ምን ያስለቅሳችኋል?» አይባሉም።

ጥያቄ፦ ልጆቼን በሃይማኖት ሥርዓት ነው የማሳድገው። እንጾማለን፣ እንጸልያለን፣ ልጆቼ ሁሉን ነገር አያዩም። ይህ «የከልት ትምህርት» ነገ የእኔን ቤት ከልት አይለውም? (አንድ አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ትምህርቱን አበላሽተው የሚያስተምሩ አሉና። ስለ መላእክት ወይም ስለ ጾም የሚጠይቅ የከልት ትምህርት ርዕሱን ስቷል። ሲናነን የሚባለውን ቡድን ይመልከቱ። በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲጀምር የዕፅ ሱሰኞችን የሚያድን ማኅበር ነበር። ብዙ ሰው አመስግኖታል። በኋላ ግን አባላቱ ፀጉራቸውን እንዲላጩ፣ ባልና ሚስት ተፋተው ሌላ እንዲይዙ፣ ወንዶች እንዲመክኑ ታዘዙ። ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በጋራ ያድጉ ነበር። ሲነሳ የሃይማኖት ማኅበር አልነበረም።

ስለዚህ የሚጠየቀው፣ ልጁ ሲጠይቅ ምን ይደርስበታል፣ መሪው ሲያጠፋ የሚጠይቀው አካል አለ ወይ፣ የወጣ ሰው እናቱን ማየት ይችላል ወይ የሚለው ነው። በእርስዎ ቤት ልጅዎ «አባዬ፣ ይሄ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ከቻለ፣ አያቱንም እምነቱን የማይጋራ ጓደኛውንም ማየት ከቻለ፣ ይህ ትምህርት የሚያስፈራዎ አይደለም። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 14 የልጁን የሐሳብ፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነት ይጠብቃል፤ ወላጅ ልጁን እንደ ዕድገቱ የመምራት መብቱንም አብሮ ይጠብቃል። የጃፓን የጤና ሚኒስቴር በ2022 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ደግሞ ልጅን «ሲኦል ትገባለህ» እያሉ አስፈራርቶ ሃይማኖታዊ ተግባር ማስገደድ የሕፃን ጥቃት ነው ብሏል። የተወገዘው ማስፈራራቱና ማስገደዱ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የልብ ጓደኛዬ ራስን ስለማሳደግ የሚያሠለጥን ቡድን ውስጥ ገብታለች። ሁሉም ደስ የሚሉ ናቸው፣ በመጀመሪያው ቀን ስሜን እየጠሩ አቀፉኝ። የሦስት ቀን ሥልጠና አለ፣ አዳር ነው፣ ስልክ አይገባም። እስኪያልቅ ለቤተሰብ አትናገሪ፣ አይገባቸውም አሉኝ። ልሂድ?

መልስ፦ አትሂጂ፣ የኔ ልጅ። ምናልባት ጥሩ ሰዎች ይሆናሉ፤ ያም ሆኖ ያለ ስልክ፣ ለሦስት ቀን፣ ቤተሰብሽ ሳያውቅ የትም አይኬድም። አንድ ቀን የሚያውቁሽ ሰዎች በዓመታት የሚገኘውን ፍቅር ሲሰጡሽ ደስ ይላል፤ ደስ ስላለሽም አትፈሪ። ግን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ «ለእናቴ ነግሬ፣ ማታ ቤቴ እያደርኩ መሠልጠን እችላለሁ?» ጥሩ ሰዎች ከሆኑ እሺ ይሉሻል፣ ወይም ሳይቆጡ አይሆንም ይላሉ። ከተቆጡ፣ ካሾፉብሽ ወይም «ገና አልተለወጥሽም» ካሉሽ መልሱን አገኘሽ።

ጓደኛሽን ግን አትራቂያት። ስለ ቡድኑ አትከራከሪያት፤ እንደ ድሮው አብራችሁ አጥኑ፣ አብራችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ዛሬ ማታ ደግሞ ለእናትሽ ወይም ለምታምኚው መምህር የጻፍሽልኝን ሁሉ ንገሪ።