«የሶላር ዋጋ እስኪወርድ ልጠብቅ ወይ?» ላልከው ወንድማችን

ወንድሜ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። የናፍጣ ፓምፔን በሶላር ልቀይር ነው፣ ባንክ የ5 አመት የዋጋ ትንበያ አምጣ ብሎኛል፣ ሰዉ ደግሞ ጠብቅ ይረክሳል ይለኛል ነው ያልከው አይደል? እኔም መቂ ላይ ሽንኩርት የማለማ ሰው ነኝ፣ ያንተው ነገር ነው የገጠመኝ፣ ስለዚህ ሶላር ምንድነው ምናምን የሚለውን ትቼ ወደ ነገሩ ልግባ።

1ኛ፦ ዋጋውን ለሶስት ከፍለህ ተንብይ። ፓናሉ ለብቻ፣ የዶላር ምንዛሬው ለብቻ፣ እዚህ የሚወጣው ደግሞ (ብረቱ፣ ገመዱ፣ መኪናው፣ የገጣሚው) ለብቻ። ሶስቱ አብረው አይሄዱም። ፓናል በአለም ላይ እስካሁን የተመረተው ድምር እጥፍ በሆነ ቁጥር ዋጋው 20 ፐርሰንት ገደማ ሲወርድ ነው የኖረው፣ ራይት የሚባል አሜሪካዊ መሃንዲስ እ.ኤ.አ በ1936 በአውሮፕላን ምርት ላይ ያሳየው ነገር ነው። ማለትም የሚቆጠረው አመት ሳይሆን የተመረተው ብዛት ነው። አለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ እንኳን የሶላርን እድገት ስንት አመት ሙሉ አሳንሶ ሲገምት ነው የከረመው።

እኔ ይሄን ሁሉ በኤክሴል ሰርቼ አንድ ባንክ (ስሙ ይቅር) ብድር ክፍል ይዤ ገባሁ። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ዋጋ ሲወርድ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። ፎርማቸው ላይ ሁሉም እቃ በየአመቱ በአንድ አይነት ፐርሰንት ይጨምራል፣ ሲሚንቶም ፓናልም እኩል፣ በቃ። አስተካክለው ይምጡ ተባልኩ፣ አስተካክዬ ስመለስ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምሩ አለኝ። በዚህ መሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ተባለ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ፓናሉ እኮ በዶላር ረክሷል፣ ያልኩት ሆኗል! በብር ግን ተሰቀለ፣ ፕሮፎርማዬም (አስመጪው የጻፈልኝ የዋጋ ማቅረቢያ) ጊዜው አለፈበት። ያ የመጀመሪያው ልጅ «አልኩዎት አይደል ጋሼ» አይለኝም መሰለህ! ምኑን ነው ያለኝ? እኔ ዶላሩን ለብቻው ረድፍ ስለሰጠሁት አንድ ቁጥር ቀይሬ ጨረስኩ፣ የነሱ ፎርም ግን እንደገና ከዜሮ ተሰራ።

2ኛ፦ ባትሪ። የሊቲየም ባትሪ እ.ኤ.አ በ2010 በኪሎዋት ሰዓት ከ1000 ዶላር በላይ ነበር፣ በ2024 በአማካይ 115 ዶላር ገባ። ይሄ መርካቶ የምታገኘው ዋጋ እንዳይመስልህ፣ የአለም አማካይ ነው። መንገዱም ቀጥ ያለ አይደለም፣ በ2022 ሊቲየም ተወዶ ዋጋው ወደ ላይ ተመልሶ ነበር፣ ስለዚህ ለባንኩ አንድ ቁጥር አትስጥ፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለህ ሶስት አድርገው። ለነገሩ ለፓምፕ ባትሪ ምን ያደርግልሃል? ቀን ፀሐይ እያለ ገንዳህን ሞልተህ ማታ ልቀቀው፣ ያንተ ባትሪ ውሃው ነው። ሻጮቹ ግን ባትሪ ካልወሰድክ ብለው ነፍስህን ነው የሚያወጡት፣ እንቢ በል።

መጠበቁን በተመለከተ፣ ሰዎቹ ይረክሳል የሚሉህ ፓናሉን ነው። እንበል ፓናሉ ከጠቅላላ ወጪህ ሲሶው ቢሆን፣ 20 ፐርሰንት ቢወርድልህ ከጠቅላላው የምታተርፈው 7 ፐርሰንት እንኳን አይሞላም። ፓምፑ፣ ኮንትሮለሩ (ፓምፑን የሚቆጣጠረው እቃ)፣ ብረቱና የሰው ጉልበቱ አንተን ብለው አይረክሱም። ለዛች ብለህ ሁለት በጋ ሙሉ ናፍጣ ልትቀዳ ነው? ናፍጣ ስንት እንደገባ ደግሞ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ማመልከቻ ከማስገባትህ በፊት አስመጪው ፕሮፎርማውን እስከመቼ እንደሚያከብርልህ በጽሁፍ ተቀበል፣ በቃል ያለህን አትመን። ኤክሴሉን ኢንቦክስ እልክልሃለሁ፣ የጉድጓድህን ጥልቀትና ስንት ሄክታር እንደምታጠጣ ጻፍልኝ።