የሀርላን ድንጋይ ማን አቆመው?

ጥያቄ፦ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ «አንተ» ብዬ ነው የምጽፍልህ። አያቴ ከድሬዳዋ አጠገብ ካለችው ከሀርላ መንደር ነች። እዚያ ያሉትን ትልልቅ የፍርስራሽ ድንጋዮች ያነሷቸው ግዙፍ ሰዎች ናቸው ትላለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ የሆነ ቪዲዮ አይቶ «የጠፋ የሮማ ጦር ሰፈር ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። ማንን ልመን? (ከከዚራ)

መልስ፦ የሮማውን ተዪው። የአያትሽን ግን እንዳትጥዪው።

የሮማ ጦር ሰፈር መልኩ ይታወቃል። አራት ማዕዘን ነው፤ ጥጋጥጉ ብቻ ክብ ይላል። ዙሪያውን ቦይ ይቆፍሩና አፈሩን ወደ ውስጥ ይቆልሉታል። ሰፈሩ ጠፍቶ ቦታው ከታረሰ በኋላ እንኳ፣ ቦዩ የነበረበት አፈር ጥልቅ ስለሆነና እርጥበት ስለሚይዝ፣ በድርቅ ጊዜ ሌላው ሰብል ሲጠወልግ በዚያ መስመር ላይ ያለው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰፈሮች የተገኙት እንዲህ ከአውሮፕላን ላይ ታይተው ነው።

ሀርላ ላይ የወጣው ሌላ ነው። የቁፋሮው ውጤት በ2009 ዓ.ም. ሲነገር የተሰማው ስለ ጥንት ከተማ ነው፤ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ መቃብር፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ ከህንድና ከቻይና የመጣ ዕቃ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ምዕራብ ሮም ከወደቀች ከ600 ዓመት በላይ ሆኗታል።

ሮማውያን ወደ እኛ ሰፈር ጭራሽ አልቀረቡም ማለት ግን አይደለም። ከኤርትራ ማዶ፣ ቀይ ባሕር ላይ፣ ፋራሳን በሚባሉት ደሴቶች በላቲን የተጻፈ ድንጋይ ተገኝቷል። በ144 እ.ኤ.አ. ከ2ኛው ትራያና ሌጌዎን (ሌጌዎን ትልቅ የሮማ ጦር ክፍል ነው) የተላኩ ወታደሮች እዚያ እንደነበሩ ይናገራል። ሌጌዎን፣ ያ ከወንጌል የምናውቀው ቃል! ከግብፅ ተነስተው እስከዚያ ድረስ፣ በዚያ ሙቀት። እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

አንዳንዴ ደግሞ ሰፈሩ ይጠፋና ስሙ ይቀራል። ግብፅ ውስጥ ሉክሶር ላይ ሮማውያን በ300 እ.ኤ.አ. አካባቢ የጥንቱን ቤተ መቅደስ ጦር ሰፈር አድርገውት ነበር። ሰፈር በላቲን «ካስትራ» ነው፤ ዓረቡ «ቀስር» አለው፣ ሲበዛ «ኡቅሱር»፤ ሉክሶር ማለት እሱ ነው። የእኛው ለገሃርስ? ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን ጣቢያ ነው እንዲህ ያደረግነው። አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ይቆማል፣ እኛ ግን አሁንም ለገሃር እንላለን።

አሁን ወደ አያትሽ። በሀርላ መቃብሮች የተገኙት ሰዎች ቁመታቸው እንደ እኔና እንዳንቺ ነው። ስለ ቁመቱ ተሳስታለች እንበል። ግን ከኛ በፊት ሌላ ሕዝብ እዚያ እንደነበረ፣ ከባድ ድንጋይ እንደሠራ፣ ከዚያም እንደጠፋ ማንም ሳይቆፍር በፊት ታውቅ ነበር። ገበሬዎቹም እኮ ከተመራማሪዎቹ በፊት ከእርሻቸው ሳንቲምና የሸክላ ስብርባሪ ያነሱ ነበር።

ስለዚህ ስልክሽን ይዘሽ ሂጂና ቅጂያት። «ግዙፎቹ እውነት ነበሩ ወይ?» ብለሽ አትከራከሪያት። ይልቅ የቱ ድንጋይ የት እንደነበር፣ ማን ወስዶት የማን ቤት መሠረት ውስጥ እንደገባ ጠይቂያት። እሱን ከሷ ሌላ የሚነግርሽ የለም። ያገኘችው ሳንቲም ቤት ውስጥ ካለ ለነጋዴ እንዳትሸጡት፣ የተገኘበትን ቦታ ጽፋችሁ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳዩ። የአጎትሽንም ልጅ ይዘሽው ሂጂ፣ ድንጋዩን በዓይኑ ይየው።