ጠላ በወጥ ቤት ምድጃ፤ ከደብረ ብርሃን ጥያቄና መልስ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ ጠላ መጥመቅን የተማርኩት ግን መንዝ ውስጥ ከእናቴ እጅ ነው። ዛሬ የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጓሮ በሌለው ቤት ውስጥ በመሆኑ የአሻሮውን ገብስ የምቆላውም ሆነ ቂጣውን የምጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነው። ጥያቄዎቻችሁን በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ነገር አደራ እላለሁ፦ ትኩስ እንኩሮ፣ ማለትም ምጣድ ላይ የበሰለ የአሻሮ ዱቄት፣ ከብቅል ጋር አይገናኝ፤ የሚፈላ ጠላ ያለበት ጀሪካን ደግሞ ጥርቅም ተደርጎ አይዘጋ።

ከጠባሴ፦ እትዬ፣ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ 20 ሊትር ያህል ለመጥመቅ ምን ያህል እህል ልያዝ?

መልስ፦ እኔ ለ20 ሊትር የምይዘው ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ 1 ኪሎ ብቅልና 3 ኪሎ ገብስ ነው። የጌሾው ቅጠል ለጥንስሱ፣ ማለትም ለመጀመሪያው ድብልቅ፣ እንጨቱ ደግሞ ለድፍድፉ፣ ማለትም እንኩሮው ሲገባበት ለሚሆነው ወፍራም ድብልቅ፣ ይሆናል። በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ የተወቀጠውን ቅጠል በውሃ በጥብጠሽ ሦስት ቀን አቆዪው። ከገብሱ አንድ ሦስተኛውን ፈጭተሽ ቂጣ ጋግረሽ፣ ሲበርድ ቆራርሰሽ ከብቅሉ ዱቄት ጋር ጨምሪና ሌላ ሦስት ወይም አራት ቀን ጠብቂ። የቀረው ገብስ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል፤ አሻሮው ተፈጭቶ፣ በውሃ ታሽቶ፣ ምጣድ ላይ እየተገላበጠ ሲበስል እንኩሮ ይባላል። እንኩሮው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ከተከተከተው የጌሾ እንጨት ጋር ገብቶ ይደፈደፋል፤ ድፍድፉ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ውሃ ይሞላበታል። ዕቃ ስታጥኚ በርና መስኮት ክፈቺ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

ከመሐል ሜዳ፦ ብቅል ከገበያ ገዝቼ በደንቡ ጠምቄ ነበር፤ ጠላው ግን ውሃ ውሃ አለኝ። ጌሾ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ ጌሾው አይደለም፤ ብቅሉ ነው። ይህን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም በከተማ ከሚበላሸው ጠላ አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ገብስ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ነው፤ እርሾ ደግሞ የሚበላው ስኳር እንጂ ስታርች አይደለም። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የሚበረቱት ኤንዛይሞች ናቸው። እነዚህ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ፈጥነው ይሠራሉ፤ በቀዝቃዛ ድፍድፍ ውስጥም ቀስ ብለው ይሠራሉ፤ ሙቀቱ ከ80 ሲያልፍ ግን ወዲያው ይሞታሉ፣ ቢበርዱም አይመለሱም። እርጥቡ ብቅል ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ ምጣድ ላይ ከዋለ መልኩ ያምራል፣ ሽታው ያውዳል፣ ሥራ ግን የለውም።

ስለዚህ ራሳችሁ አብቅሉ። ንጹሕ ገብስ አንድ ቀን ዘፍዝፋችሁ አጥልሉት፤ በኮባ ቅጠል ወይም በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ድንጋይ ጫኑበት። በእኛ ብርድ አምስት ስድስት ቀን ይፈጃል። በየቀኑ ገልጣችሁ እዩት። ሥሩ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ሲያያዝ አንዷን ፍሬ በጥፍራችሁ ሰንጥቋት፤ ከገለባዋ ሥር የተኛችው ቡቃያ የፍሬዋን ርዝመት ካከለች፣ ስትነክሷትም እንደ ዱቄት ፈርሳ ጣፈጥ ካለች ደርሷል። የሚደርቀው በፀሐይ ነው። ሻጋታ የታየበትን ሁሉ ጣሉት። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ ገብስ ደግሞ ቢታጠብም ለጠላ አይሆንም።

እኔም አጥፍቻለሁ። ለእህቴ ልጅ ክርስትና በችኮላ 40 ሊትር ስጠምቅ እንኩሮውን እየጨሰ ድፍድፉ ላይ ገለበጥኩት፤ ከሳምንት በኋላ የተቀዳው የአሻሮ ውሃ ነበር። እናቴ ቀምሳ ጣሳውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችውና ምንም አልተናገረችም።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኔ ጠላ በሳምንት ይደርሳል፣ ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ ግን ሁለት ሳምንት ትጠብቃለች። ማናችን ተሳስተናል?

መልስ፦ ማናችሁም። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ ወደ 1,300 ሜትር ነው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800። እርሾ በብርድ ይዘገያል። እህትሽ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልላ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርጋ ጣውላ ላይ ታስቀምጠው፤ ምድጃ አጠገብ ግን አታስጠጋው። አንቺ ደግሞ ቶሎ ስለሚሆመጥጥብሽ ጥቂት ጥቂት ጥመቂ።

ከደብረ ሲና፦ ጠላዬ ተበላሸ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሆመጠጠ? ሻገተ? አልፈላም? ስንት ቀን ሆነው፣ በምን ዕቃ ነው? ይህ ሳይነገረኝ የምመልሰው ነገር የለም።

ከእነዋሪ፦ ቶሎ እንዲደርስ ስኳርና የዳቦ እርሾ ብጨምርበትስ?

መልስ፦ ይፈላል፤ ጠላ ግን አይሆንም። እርሾው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ራሱ ይመጣል። ለጽዋ ማኅበርም ሆነ ለሰንበቴ ስኳር የገባበት ጠላ አቅርቤ አላውቅም። በዚያ ላይ ስኳር ጨምራችሁ ጀሪካኑን ስትዘጉ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ የጎረቤቴ ጀሪካን ሌሊት ፈንድቶ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ድረስ አተላ ለብሶ አድሯል። ክዳኑን ላላ አድርጉ።

ከአንኮበር፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጠላ በጀሪካን መጠመቁ ራሱ ነው ስህተቱ። የጋን ጠላ ከሩቅ ይታወቃል።

ከደብረ ሲና፦ ጋን የሚሸከምልን ሰው አለ እንዴ? እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ በደንብ ከታጠበ ምን አለበት?

ከአንኮበር፦ ፕላስቲክ እንዴት ይታጠናል? ወይራ ያልሸተተውን ነገር እንግዳ ፊት ማቅረብ እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ እኛ በእንስራ አጥነን ጥንስሱን እዚያው እንጥላለን፤ ድፍድፉን ወደ ፕላስቲክ እንገለብጣለን። የወይራው ጠረን አይጠፋም።

መልስ፦ የመሐል ሜዳው አሠራር ጥሩ ነው፤ እኔም የማደርገው እንዲሁ ነው። የአንኮበሯ እህቴ ስለ ጋን ያለችውም እውነት ነው፤ ሸክላው ይተነፍሳል፣ ስለዚህ አፉ በጭቃ ተመርጎ እንኳ ጋዙ መውጫ አያጣም። ያንን ልማድ ወደ ፕላስቲክ ስታመጡት ነው አደጋው። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ደግሞ በምንም ምክንያት አይሁን። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከደብረ ብርሃን፦ በዚሁ ምድጃ ቢራ መጥመቅ ይቻላል? ቢራን በሚያመርረው አበባ በሆፕስ ፋንታ ጌሾ ቢገባስ?

መልስ፦ ይቻላል። በአማርኛ «መፍላት» የምንለው ሁለት ነገር ስለሆነ ለይቼ ልናገር። ቢራ የተከካው ብቅል በ65 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆይቶ፣ ተጣርቶ፣ ከዚያ እሳት ላይ ከሆፕስ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይንተከተካል፤ በእርሾ የሚፈላው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የጠላ ድፍድፍ ግን ጭራሽ እሳት አያይም፤ እሳት የሚነካው ቂጣውና እንኩሮው ብቻ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ውሃ የሚንተከተከው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚህ ሙቀት የሆፕስ መራራነት በቀላሉ ስለማይወጣ ወይ ጊዜውን ማርዘም ወይ ሆፕሱን መጨመር ያስፈልጋል። ጌሾ ይመርራል፣ መዓዛው ግን ሌላ ነው፤ የምታገኘው ቢራ የሚመስል ጠላ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለህ አትጀምረው።

ከጠባሴ፦ እንኩሮው ለብ እንዳለ ቢገባ ችግር አለው?

መልስ፦ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ። እጅሽን ከእንኩሮው ውስጥ እስከ አንጓሽ ድረስ ክተቺ፤ መሐሉ ላይ ትኩሳት ከተሰማሽ አልበረደም። ላዩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያቃጥላል፤ ስለዚህ በሰፊ ዕቃ ላይ በትኚው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጠላ ዓይን የሚያጠፋ አልኮል አለው ይላሉ፤ እውነት ነው? አረቄ ማውጣትስ ያስተምሩናል?

መልስ፦ ዓይን የሚያጠፋው አልኮል፣ ሜታኖል፣ በእህል ጠላ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰው የሚያሳውረው የኢንዱስትሪ አልኮል የተደባለቀበት መጠጥ ነው። አረቄ አላስተምርም።

ከእነዋሪ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ትንሽ ብቀምስስ?

መልስ፦ አትጠጪ። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል አለው። ሌላውን ሐኪምሽን ጠይቂ።

ከደብረ ሲና፦ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃ ከተሞላበት በኋላ ጆሮሽን ከዕቃው ጎን አስጠግተሽ አድምጪ፤ መጀመሪያ እንደ ዝናብ ጠብ ጠብ የማይቋረጥ ድምፅ አለው፤ ከቀናት በኋላ ይሳሳና አልፎ አልፎ አንድ ይላል። ያኔ ክፈቺው። አተላው ወርዶ ላዩ ከጠለለ ከላይ ቀስ ብለሽ ቅጂ፤ ከጎሸ ግን ሁለት ቀን ጨምሪለት። ዕቃው አንዴ ከተከፈተ አየር ስለሚገባው ቶሎ ይሆመጥጣል፤ ለስንት ሰው እንደሆነ አስቀድመሽ ቁጠሪ። ካለቀ በኋላ በአተላው ላይ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ብትጨምሪበት በማግስቱ ቅራሪ ታገኛለሽ፤ ለቤት ሰው ይበቃል።