ስም ያልተጻፈበት ቴፕ

ልጆቼ፣

ድምፅ ስቀርጽ ነው ያረጀሁት። ሰሞኑን አንድ ልጅ ስቱዲዮ መጣና "ጋሼ፣ ሚሞሪው ሞልቷል፤ ያምናውን ቅጂ አጥፋው፣ አይረባም" አለኝ። እጄ እምቢ አለ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ዴቪድ፣ ቦቢና ዳኒስ ሃክኒ። ከጥቁር ወጣት ሶልና ፈንክ የሚባሉት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃዎች በሚጠበቁበት ከተማ፣ እነሱ የሚጮህና የሚሮጥ ሮክ መረጡ። ዴቪድ ጊታር፣ ቦቢ ቤዝና ድምፅ፣ ዳኒስ ድራም። በ1975 እ.ኤ.አ. እዚያው ከተማ ስቱዲዮ ገብተው ሰባት ዘፈን ቀረጹ። ፐንክ የሚባለውን ፈጣንና ጯሂ ሮክ ከጀመሩት መካከል የሚቆጠረው ራሞንስ የተባለ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በዓመቱ ነው። እነዚህ ልጆች ሲቀርጹ ፐንክ የሚለው ስም እንኳ ገና አልተለመደም።

የባንዱ ስም ግን "ዴዝ" ነበር። ሞት! አባታቸው በአደጋ ሲሞት ዴቪድ ያወጣው ነው፤ ሞትን በበጎ ለማየት። እኛ አገር ቢሆን ማን ለሰርግ ይጠራቸው ነበር? ክላይቭ ዴቪስ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ አለቃም "ስሙን ቀይሩ" አለ። ዴቪድ አሻፈረኝ አለ። ውሉ ቀረ። በ1976 በራሳቸው ወጪ 500 ሸክላ አሳተሙ፤ ማንም ልብ አላለውም። ባንዱም ብዙ ሳይቆይ አበቃ።

"ጀግና ነው!" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ ግማሽ ልቤ ከወንድሞቹ ጋር ነው። የአንዱን እምቢታ ዋጋ ሦስቱም ከፈሉ። እምቢ ማለት ካማራችሁ፣ መጀመሪያ አብረዋችሁ የሚራቡትን አማክሩ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዴቪድ ቴፖቹን ለቦቢ አስረከበ፤ አንድ ቀን ዓለም ፈልጎ ይመጣልና ጠብቅ ብሎ። በ2000 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ቴፖቹ ቦቢ ቤት ጣሪያ ስር ተቀመጡ። እነዚያ ጥቂት ሸክላዎች ደግሞ በሰብሳቢዎች እጅ እየዞሩ ቆዩ። በ2008 አካባቢ የቦቢ ልጆች ሰሟቸውና የአባታቸውን ድምፅ ለዩ። ስለ ባንዱ እቤት ወሬ እንኳ አልነበረም! በ2009 ድራግ ሲቲ የሚባል አሳታሚ አልበሙን አወጣው። ቴፑ ባይኖር ምን ያወጣ ነበር?

እኔ ወጣት ሳለሁ ባዶ ቴፕ ብርቅ ነበር። አንድ ቀን ስም ያልተጻፈበት ሪል አገኘሁና የሳሙና ማስታወቂያ ቀረጽኩበት። መልሼ ሳዳምጥ ማስታወቂያው አለቀ፤ ከስሩ የቀድሞው ቅጂ ብቅ አለ። ማሲንቆ፣ ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ። አሥር ሰከንድ ያህል፤ የስንኙ መጨረሻ ብቻ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ቴፑ ተጠቅልሎ አለቀ። ማን እንደነበረች ጠይቄ የሚያውቃት አላገኘሁም።

ስለዚህ የቀረጻችሁት ላይ ስም ጻፉ፤ ቀኑን፣ ማን ምን እንደተጫወተ። ፋይሉንም "አዲስ 2 የመጨረሻ" አትበሉት፣ እባካችሁ።

ልጁን "አላጠፋም፤ ሂድና ሃርድ ዲስክ ገዝተህ ና" አልኩት። አኩርፎ ሄደ። ቅጂው አሁንም እኔ ጋ ነው።