ቶከላውን ሳታዩ አትፍረዱ፦ ለጂኦግራፊ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

በማስተምርበት ዘመን በኒውዚላንድ ሥር ያሉትን የፓስፊክ ውቅያኖስ ትንንሽ ደሴቶች፣ የቶከላውን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ራሳችሁን አስተዳድሩ ቢባሉ እምቢ አሉ? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» የሚል ተማሪ አይጠፋም ነበር። ቅኝ ባለመገዛቱ የሚኮራ ሕዝብ ልጅ እንዲህ ቢል አይገርመኝም። እናንተ ግን ከመፍረዳችሁ በፊት መሬቱን እዩ።

ቶከላው ከሳሞአ በስተሰሜን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ያሉት አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ ናቸው። ደሴት ስላችሁ ተራራ አትጠብቁ፤ እያንዳንዳቸው የባሕር ውሃ ያቀፉ ቀጫጭን የኮራል ቀለበቶች ናቸው። መሬታቸው ተደምሮ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል አምስት ሜትር ገደማ ነው። ወንዝ የለም፤ ዝናብ ከጣሪያ ይጠራቀማል። አውሮፕላን አያርፍም፤ ከሳሞአ ዋና ከተማ ከአፒያ በመርከብ ከአንድ ቀን በላይ ያስኬዳል። ነዋሪው 1,500 ያህል ሲሆን፣ ኒውዚላንድ የሚኖረው ወገናቸው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በ1863 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፔሩ ባሪያ ፈንጋዮች መጥተው 250 ያህል ሰው ጭነው ሄዱ። ይህ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋ ነበር። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ጥበቃዬ ሥር ናችሁ አለች፤ በ1926 አስተዳደሩ ወደ ኒውዚላንድ ዞረ። ያን ያህል ሰው የተነጠቀ መንደር እንዴት እንደቆመ ለማወቅ ኢናቲ የሚሉትን የክፍፍል ሥርዓት አጥኑ። በጋራ የተጠመደው ዓሣ ባሕር ዳር ይደረደርና ለየቤተሰቡ በቁጥሩ ልክ ይታደላል፤ አሮጊቷም ሕፃኑም ድርሻ አላቸው። መንደሩን የሚመራው የሽማግሌዎች ምክር ቤት ነው። እኔ በበኩሌ ከብዙ ሕገ መንግሥት ይልቅ ይህን አከብራለሁ።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ በ2006 ሕዝበ ውሳኔ 60 በመቶው፣ በ2007 ደግሞ 64 በመቶው ራስን ማስተዳደርን ደግፏል። የሚፈለገው ሁለት ሦስተኛ ስለነበር ሁለተኛው በ16 ድምፅ ብቻ ወደቀ። እንግዲህ እምቢ ያለው ማን ነው? «አይሆንም» ያሉትም ቢሆኑ የኒውዚላንድ ዜግነታቸውን፣ ሐኪሙንና መርከቡን ያሰቡ ይመስለኛል፤ እንደዚያ ማሰብ ፍርሃት አይደለም።

አንድ የቤት ሥራ ልተውላችሁ። ኦሎሄጋ የምትባል አራተኛ ደሴት አለች፤ አሜሪካ በ1925 ከራሷ ሳሞአ ጋር ቀላቀለቻት። በ1980 በተፈረመ ውል ኦሎሄጋ የአሜሪካ መሆኗ ታወቀ፤ አሜሪካም በሦስቱ ላይ የነበራትን የይገባኛል ጥያቄ ተወች። ካርታ ዘርግታችሁ ማን ምን እንደሰጠ፣ ማን ምን እንዳገኘ ጻፉ።